ሽንኩርትን ከዘር ማፍላት፦ አዳማ ላይ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ሽንኩርት ከዘር ያፈላ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ምነው ይሄ ነገር አላድግ አለ?» ማለቱ አይቀርም። ቲማቲምና ሰላጣ አፍልቶ የለመደ ዓይን ሽንኩርትን ሲያይ ግራ ይገባዋል። ወር ሞልቶት እንኳ ገና ክር የመሰሉ ሁለት ቅጠሎች ናቸው። በዚያው ሰሞን የተዘራው የጎረቤት ሰላጣ ተቀንጥሶ ሊበላ ደርሷል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ሽንኩርት ተፈጥሮው ቀሰስተኛ ነው። ከተዘራበት ቀን አንስቶ ለመዛወር እስኪደርስ ነገሩ ሁሉ ተመቻችቶለት እንኳ ከ45 እስከ 55 ቀን ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ሌሊቶች ከገጠሙት ሁለት ወርም ይፈጃል። ስለዚህ «እንዴት ላፍጥነው?» ከማለት በፊት «ዘግይቷል ወይስ ቆሟል?» ብሎ መለየት ይቀድማል። ለዘገየው መታገሥ ይበቃል። የቆመው ግን ምክንያት አለው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዘሩ አፈር ሳይነካ በፊት በተደረገ ምርጫ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ከምርጫዎቹ እንጀምር። ይህን የምጽፈው አዳማ ውስጥ ጓሮ ላላችሁ፣ ግቢው ጠቦባችሁ በጀሪካን ለምትሞክሩ፣ እንዲሁም ወንጂና መልካሳ አካባቢ ትንሽ የመስኖ መሬት ለያዛችሁ ነው። ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ፀሐዩ ጠንካራ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ተርባይን ያስተከለ ነፋስ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራ ምክር እዚህ ላይሠራ ይችላል።

ዘር፣ ኮረት ወይስ የተዘጋጀ ችግኝ?

ብዙ ሰው የሚጀምረው ጓዳ ውስጥ ያቆጠቆጠ ሽንኩርት አፈር ውስጥ በመቅበር ነው። ቶሎ ይበቅላል፣ ቅጠሉም ያምራል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሽንኩርት በመጀመሪያው ዙር ኮረት፣ ማለትም የምንበላውን ራሱን፣ ይሠራል፤ በሁለተኛው ዙር ያንኑ ኮረት ተመግቦ አበባና ዘር ያወጣል። ከገበያ የመጣው ሽንኩርት የመጀመሪያውን ዙር ጨርሷል። ስለዚህ ቀብራችሁት ትልቅ ሽንኩርት ብትጠብቁ አታገኙም። ለፍርፍር የሚከተፍ ቅጠል ከሆነ ፍላጎታችሁ ግን ከዚህ የሚፈጥን ዘዴ የለም።

የሐበሻ ሽንኩርት ለብቻው ነው። እሱ ኮረቱ ተተክሎ ይከፋፈላል፤ አንዱ ብዙ ይሆናል። ለዶሮ ወጥ ከእሱ ሌላ የማይወዱ ሰዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ልጣጩ ግን ትዕግሥት ያስጨርሳል።

የተዘጋጀ ችግኝ መግዛት ሁለት ወር ያህል ይቆጥብላችኋል። ጥሩ ችግኝ ከተገኘ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ስጋቱ ዝርያውን የምታውቁት በሻጩ ቃል ብቻ መሆኑ ነው። የችግኝ ቅጠል አይቶ አዳማ ቀይ ነው ቦምቤ ቀይ ነው ብሎ የሚለይ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ስትገዙ እስሩን ፈታችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ነጭና እርጥብ ከሆነ በቅርቡ ተነቅሏል። ቡናማ ሆኖ የደረቀ ከሆነ ተዉት። አንገቱንም በጣታችሁ ዳስሱ። ግርጌው ላይ ትንሽ እብጠት ከጀመረ ችግኙ መደብ ላይ አርጅቷል፤ ኮረት መሥራት ጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ተተክሎ ብዙም ሳያድግ ትንሽ ሽንኩርት ሆኖ ይቀራል።

ዘር መዝራት ጊዜ ይወስዳል፤ በምትኩ ዝርያውን እናንተ ትመርጣላችሁ። ወጪውም በተክል ሲሰላ ዝቅተኛው ነው። አንድ ግራም የሽንኩርት ዘር ከ250 እስከ 300 ፍሬ ይይዛል። በመስመር መካከል 20፣ በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ብትተክሉ አንድ ካሬ ሜትር 50 ችግኝ ይወስዳል። ያልበቀለውንና የሞተውን ቀንሳችሁ፣ አንድ ግራም ዘር ወደ አራት ካሬ ሜትር ጓሮ ይሸፍናል። ለአንድ ቤተሰብ ጓሮ አምስት ግራም ይተርፋል። ሙሉ ቆርቆሮ ገዝቶ ግማሹን ለሚቀጥለው ዓመት ማስቀመጥ የማያዋጣበትን ምክንያት ኋላ ላይ አነሳዋለሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዘሩን እመርጣለሁ። ዘሩ ያልተሳካለት ሰው ችግኝ መግዛት ይችላል፤ መንገዱ አይዘጋም።

የቱ ዝርያ?

እዚህ ላይ የአዳማ ሰው ዕድለኛ ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከከተማችን ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቅርብ ነው ያለው። አገሪቱ ውስጥ የሚዘሩት የታወቁ የሽንኩርት ዝርያዎች፣ አዳማ ቀይ፣ ቦምቤ ቀይ፣ መልካም፣ ናሲክ ቀይና ናፊስ፣ በዚህ ማዕከል በኩል የወጡ ናቸው። ማለትም የተፈተኑት በእኛው አየርና በእኛው አፈር ነው።

ለጓሮ ሰው ምርጫው በአብዛኛው ከሁለቱ ነው። ቦምቤ ቀይ ቶሎ ይደርሳል፤ ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ። ቀለሙ ፈካ ያለ ነው። አዳማ ቀይ ከእሱ ትንሽ ይዘገያል፤ ቀለሙ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ ማቃጠሉም ይበረታል። ወጥ ሠሪ ቤት ከሆነ አዳማ ቀይን ይወዱታል። መልካም ከሁለቱም የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ በምርቱ ግን ያካክሳል። ትዕግሥቴ አጭር ነው የሚል ሰው ቦምቤ ቀይን ይያዝ።

ሃይብሪድ (የተዳቀሉ) ዘሮችም በግብርና ግብዓት መሸጫዎች ሞልተዋል። እኩል ያድጋሉ፣ መጠናቸውም ይመሳሰላል። ለገበያ ለሚያመርት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋቸው ግን ከባድ ነው፤ ከእነሱ የሚሰበሰብ ዘርም እናቱን አይመስልም። አምስት ካሬ ሜትር ላላት ጓሮ ያን ሁሉ ማውጣት ለኔ አይታየኝም።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ ያመጣው ባለ ሥዕል ፓኬት ዘር ሲሰጣችሁ ተጠንቀቁ። ሽንኩርት ኮረት መሥራት የሚጀምረው የቀኑን ርዝመት ለክቶ ነው። የሰሜን አገር ዝርያዎች ብዙዎቹ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ይጠብቃሉ። የአዳማ ቀን ግን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ያ ዘር ይበቅላል፣ ቅጠሉም ይወፍራል፤ ኮረት ግን አይሠራም። ማዳበሪያም ውሃም አይለውጠውም። ፓኬቱ ላይ «አጭር ቀን» የሚል ዝርያ ካልሆነ ለቅጠል ብላችሁ ብቻ ዝሩት።

ዘሩ ሕያው ነው?

የሽንኩርት ዘር ቶሎ ከሚሞቱት የአትክልት ዘሮች አንዱ ነው። በክፍል ሙቀት ከአንድ ዓመት በኋላ ጉልበቱ እየወረደ ይሄዳል። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ቆርቆሮ ሙሉ ገዝቶ ግማሹን ማስቀመጥ የማያዋጣው ለዚህ ነው። የግድ ካስቀመጣችሁ ደረቅ ብርጭቆ ውስጥ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት።

ያረጀ ዘር ሙሉ በሙሉ አይሞትም፤ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው። ግማሹ ይበቅላል፣ የበቀለውም ደካማ ይሆናል። ከዚያ «ችግኜ ዘገየብኝ» ይባላል። ስለዚህ ሞክሩት። ሃያ ፍሬ ቁጠሩና እርጥብ ሶፍት ላይ በትኑ፤ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡ። በአሥር ቀን ውስጥ 15ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ደህና ነው። አሥር ገደማ ከሆነ አወፍራችሁ ዝሩ። ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ግዙ። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር በመድኃኒት የታሸ ስለሆነ በጓንት ንኩት፤ ከልጆችም አርቁት።

መቼ?

መስከረምና ጥቅምት ላይ መዝራት ለኔ አንደኛ ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ አፈሩ ገና እርጥበት አለው፣ ፀሐዩም አልከረረም። ችግኙ በኅዳርና በታኅሣሥ ይዛወራል። ጉዳቱ፣ በኅዳርና በጥር መካከል ያሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ትልልቁን ተክል ያለ ጊዜው አበባ ሊያስወጡት ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ቀድማችሁ ብሉት፤ ለማስቀመጥ አይሆንም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ መዝራት የሚቻል ነው፤ ግን ዶፉ መደቡን ይደበድበዋል፣ በሽታውም ይበዛል። ጥርና የካቲት ደግሞ ውሃና ጥላ ላለው ሰው ነው። ከመጋቢት በኋላ አፈሩ በጣም ይግላል። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ አፈር ላይ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን የሚበቅለው ዘር፣ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይንቀራፈፋል ወይም ጨርሶ ይቀራል።

መደብ፣ ጀሪካን ወይስ ትሪ?

አንድ ሜትር ስፋት ያለው መደብ፣ ርዝመቱ ግቢው እንደፈቀደ፤ ለአዳማ ጓሮ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። አንድ ሜትር የሚባለው መደቡን ሳትረግጡ እጃችሁ መሃሉ ድረስ እንዲደርስ ነው። በክረምት ከሆነ ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ውሃ እንዳይተኛበት። በበጋ ግን ከፍ ያለ መደብ ነፋሱ ያደርቀዋል፤ ከመሬት እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሻላል። ይህን ወቅት ሳይለዩ ሁልጊዜ ከፍ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው።

በ10 ወይም በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት መስመር አውጡ። ዘሩን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አፍስሱት፤ ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ አምስት ግራም ገደማ ይበቃል። ከላይ ስስ አፈር፣ ከዚያ ደረቅ ሣር ጉዝጓዝ። ነፋሱ እንዳይወስደው ጥቂት እንጨት አጋድሙበት። ውሃውን በማርከፍከፊያ አጠጡ። ማርከፍከፊያ ከሌለ የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በስታችሁ ጨምቁት፤ ለትንሽ መደብ እንዲያውም እሱ ይሻላል፣ ዘሩን ከቦታው አያነሳውም።

አሁን አንድ ቀን አለ፤ ብዙ መደብ የሚበላሸው በዚያ ቀን ነው። ጉዝጓዙ የሚነሳበት ቀን። ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ሽንኩርት ሲበቅል ቀጥ ብሎ አይወጣም። መሃሉ ታጥፎ፣ ጉልበቱ ቀድሞ ነው አፈሩን የሚሰነጥቀው፤ ጫፉ ገና ታች ዘሩን ይዞ ይቀራል። ያ አረንጓዴ ጉልበት እዚህም እዚያም መታየት ሲጀምር በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ሣሩን አንሱ። ቀትር ላይ ካነሳችሁት ፀሐዩ ይጠብሰዋል። ሦስት አራት ቀን ካዘገያችሁት ደግሞ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ነጭና ረጅም ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ አይቆምም። የተነሳው ሣር በመስመሮቹ መሃል ቢነጠፍ እርጥበት ይይዛል። ጉልበቱ ከተቃና በኋላ ጫፉ ላይ ጥቁር የዘር ሽፋን ታያላችሁ። አትጎትቱት፤ ራሱ ይወድቃል።

በሞቃት ወራት ከመደቡ በላይ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ትንሽ ዳስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይጠቅማል። ከዚያ እያሳሳችሁ አንሱት። ጥላ ስር የኖረ ሽንኩርት አይወፍርም።

ጀሪካን ጓሮ ለሌለው ሰው ነው። ባለ 20 ሊትሩን በርዝመቱ ለሁለት ሰንጥቃችሁ፣ ታቹን በጋለ ምስማር ብትበሱት ሁለት ገንዳ ይወጣችኋል። አፈሩ ላይ አትሰስቱ፦ ሁለት እጅ የግቢ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ። የግቢ አፈር ብቻ ከሞላችሁ ውሃ ሲነካው ይጠጥራል። የጀሪካን ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ፕላስቲኩ የከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ሥሩ ይቀቀላል። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት፣ ከሰዓት ግንብ ወይም ዛፍ የሚከልለው ቦታ ላይ አድርጉት።

ትሪ፣ ማለትም ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት የችግኝ ማፍያ፣ ሥራው ንጹሕ ነው፤ ችግኙ ሥሩ ሳይረበሽ ይዛወራል። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ዘር ጨምራችሁ በጅምላ መትከልም ትችላላችሁ፤ ኮረቶቹ ሲያድጉ እየተገፋፉ ቦታቸውን ይይዛሉ። ግን አዳማ ነው ያለነው። ትንሿ ጉድጓድ ጠዋት ጠጥታ ከሰዓት ትደርቃለች። ቀን ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ትሪ አይሆናችሁም። በዚያ ላይ የትሪ አፈር ምግቡ በወር ውስጥ ያልቃል። «ቆመብኝ» ከሚባሉት ችግኞች ብዙዎቹ የትሪ ናቸው።

በቀጥታ ማሳው ላይ መዝራትን በአጭሩ ልለፈው፦ ለጓሮ አልመክርም። አረሙ ይቀድማችኋል።

ዘገየ ወይስ ቆመ?

ቀላል መለያ አለ። አንድ መስመር ላይ አምስት ችግኝ መርጣችሁ አጠገባቸው ስንጥር ትከሉ። ቅጠላቸውን ቁጠሩ። ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሱ። ከመሃል አዲስ ቅጠል ብቅ ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ችግኙ ዘገየ እንጂ አልቆመም፤ ተዉት። ምንም ካልጨመረ ቆሟል። ያኔ አንዱን በማንኪያ ከነአፈሩ አንስታችሁ ሥሩን እጠቡና እዩ። ከላይ ቆሞ ከመገመት ይህ አንድ ደቂቃ ይበልጣል።

ሥሩ ነጭና ብዙ ሆኖ ቅጠሉ ግን ቀጭን ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ መጨናነቅ ነው። እንደኔ ሽንኩርት ከረሃብ ይልቅ በጎረቤት ነው የሚጎዳው። በወፍራሙ የተዘራ መስመር ላይ ችግኞቹ ብርሃን እየተሻሙ ይረዝማሉ እንጂ አይወፍሩም። በመቀስ ግርጌያቸውን እየቆረጣችሁ አሳሱት፤ በችግኝ መካከል አንድ ሳንቲ ሜትር ቢገኝ ይበቃል። ብትነቅሉት የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይወጣል። አረምም በዚሁ ይመደባል። የሽንኩርት ቅጠል ትንሽ ስለሆነ መሬቱን አይሸፍንም፤ አረሙ እንደልቡ ይፋንናል። በተለይ እንግጫ። ገና በለጋነቱ ከሽንኩርት ጋር ይምታታል፤ ግን የሽንኩርቱ ቅጠል ድቡልቡልና ውስጡ ባዶ ነው፣ የእንግጫው ጠፍጣፋ ነው። ካጠራጠራችሁ ጫፉን ቀንጥሳችሁ አሽቱት።

ሥሩ ጥቂትና ቡናማ ከሆነ ውሃ በዝቷል። ችግኙ አንገቱ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ቀጥኖ እየወደቀ ከሆነ ደግሞ መበስበስ ገብቷል። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ መጨመር እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። ውሃውን ቀንሱ፣ ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ የታመመውን ቦታ ከነአፈሩ አንስታችሁ ጣሉ፣ ዳስ ካለ ክፈቱት። ለሚቀጥለው ዙር ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት ያልነበረበት ቦታ ምረጡ።

የቅጠሉ ጫፍ ተቃጥሎ፣ አፈሩ ላይ ነጭ ሽፋን ከታየ ጨው ነው። ሽንኩርት ጨው አይችልም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነንና አፈራችን በብዙ ቦታ ወደ ጨዋማነት ያደላል። ማዳበሪያ ሲበዛም ያው ጨው ነው። መፍትሔው በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ በጥልቀት ማጠጣትና ማጠብ ነው፤ ውሃው ወደ ታች የሚሄድበት መንገድ ካለ። እግረ መንገዴን፣ «አመድ ጨምሩበት» የሚለው ምክር ኮምጣጣ አፈር ላለው ደጋ አገር ይሻላል። እዚህ በብዛት አትነስንሱ።

ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ካያችሁ ትሪፕስ ነው። ከዓይን ሊሰወር የሚደርስ፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ ቀጭን ነፍሳት ነው። የሚደበቀው ቅጠሎቹ በሚገናኙበት ብብት ውስጥ ነው፤ ቅጠሉን ለቀቅ አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ብታራግፉት ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ። ሙቀትና ድርቅ ይመቸዋል፣ ስለዚህ አዳማ ለእሱ ገነት ናት። ለጥቂት ችግኝ ውሃ በኃይል ረጭቶ ማጠብ፣ ቀጥሎም አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ አመሻሽ ላይ መርጨት ይረዳል። ሰፊ መሬት ላይ ከሆነና የኬሚካል መድኃኒት የግድ ከሆነ መጠኑን ከዕቃው ላይ አንብቡ፤ ከጎረቤት ሰምቶ መቀላቀል ይቅር።

የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ቢጫ እየሆኑ መጥተው ሥሩ ግን ደህና ከሆነ፣ አሁን በእርግጥ ርቦታል።

ምን እንመግበው?

የበሰለ ብስባሽ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ግን አይጎዳም። ምርጥ ጊዜው ከመዝራት በፊት ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ነው። ከበቀለ በኋላ በመስመሮቹ መሃል ስስ አድርጎ መበተን ይቻላል። የዶሮ ኩስ ኃይለኛ ነው፤ ሳይበሰብስ ለችግኝ መስጠት አይቻልም፣ ያቃጥላል። ትኩስ የከብት ፍግም እንደዚያው፤ እሱ በተጨማሪ የአረም ዘር ይዞላችሁ ይመጣል።

ዩሪያ ቶሎ ይታያል። ለዚህም ነው ሰው የሚያበዛው። ለችግኝ አንድ ሻይ ማንኪያ በአሥር ሊትር ባልዲ ውሃ ይበቃል። አፈሩ አስቀድሞ እርጥብ ይሁን፤ አመሻሽ ላይ ሥሩ ላይ አጠጡ፣ ከዚያ ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ከሁለት ሳምንት በፊት አትድገሙ። ደረቁን ፍሬ በእጅ መበተን ጎበዝ ገበሬ ማሳ ላይ የሚያደርገው ነው፤ ለጋ ችግኝ ላይ ግን አንዷ ፍሬ ያረፈችበት ቦታ ይቃጠላል። ከበቀለ ሦስት ሳምንት ሳይሞላውም አትስጡት።

ብስባሽ በሞላበት መደብ ላይ የተዘራ ችግኝ ዩሪያ ባያይም ይደርሳል። የጀሪካንና የትሪ ችግኝ ግን ከወር በኋላ ያቺን ማንኪያ ይፈልጋታል። የኔ ምርጫ በዚህ ይለያል።

ውሃን በተመለከተ፣ እስኪበቅል ድረስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጠጣ። ከበቀለ በኋላ በየቀኑ ከማርጠብ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ በጥልቀት ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ሰዎች ይህ ይመቻችኋል፤ በመስመሮቹ መሃል የነጠፈው ሣር ደግሞ አንድ ቀን ይጨምርላችኋል።

ጫፉን መቁረጥስ? አንዳንዱ ሰው ችግኙ ይፈጥናል ብሎ በየሳምንቱ ይከረክመዋል። አይፈጥንም። ቅጠል ምግብ የሚሠራበት ነው፤ ቆርጦ ማወፈር የለም። ችግኙ ከ15 ሳንቲ ሜትር አልፎ መተኛትና መጠላለፍ ከጀመረ ብቻ አንዴ ወደ አሥር ሳንቲ ሜትር አሳጥሩት። የተቆረጠውን እንቁላል ላይ ጣሉት።

ማዛወር

ቀን ከመቁጠር ችግኙን ማየት ይሻላል። ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ ሦስት ወይም አራት ቅጠል፣ ውፍረቱ ከእርሳስ ያነሰ። ከእርሳስ ሲወፍር አበባ የማውጣቱ ዕድል ይጨምራል፤ ስለዚህ «ትንሽ ይጠንክር» ብሎ ማቆየትም ጉዳት አለው። ከመንቀል አንድ ሳምንት በፊት ውሃውን ቀንሱ፣ ፀሐዩን ይልመድ። በነቀላው ዋዜማ ግን በደንብ አጠጡ።

ስትነቅሉ በሦስት ክምር ለዩአቸው፦ ወፍራም፣ መካከለኛ፣ ቀጭን። አደባልቃችሁ ከተከላችሁ ወፍራሞቹ ቀጭኖቹን ይውጧቸዋል። ለየብቻ ከተተከሉ ግን ቀጭኖቹም በራሳቸው ጊዜ ይደርሳሉ፤ ብቻ ከሌሎቹ ሁለት ሦስት ሳምንት ዘግይተው እንደሚነቀሉ ዕወቁ። ቦታ ካጠረ ቀጭኖቹን በአምስት ሳንቲ ሜትር አጠጋግታችሁ ትከሉና እያሳሳችሁ በለጋነታቸው ብሉ።

አመሻሽ ላይ ትከሉ፤ ሥሩ ብቻ እስኪሸፈን፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ። ጠልቆ የተተከለ ሽንኩርት አንገቱ ይረዝማል፣ ኮረቱም ይሾላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሦስት አራት ቀኑ አጠጡት። ለጥቂት ቀናት ጠውልጎ ቢተኛ አትደንግጡ፤ ከመሃል አዲስ ቅጠል ሲወጣ ያዘ ማለት ነው። የአሮጌው ቅጠል ጫፍ ቢደርቅም ምንም አይደለም።